ከአሥራ ሁለቱ አቅጣጫ አንዱ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2017 ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ ኤ380 አውሮፕላን ከግሪንላንድ በላይ ሳለ የአራተኛው ሞተር ፊት ተገንጥሎ ወደቀ። ግዙፉ ማራገቢያ፣ ማራገቢያውን የተሸከመው እምብርትና የሞተሩ አፍ ሽፋን ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ በረዶው ወረዱ። አብራሪዎቹ በቀሩት ሦስት ሞተሮች ተጉዘው ካናዳ ውስጥ ጉስ ቤይ አረፉ። ከነበሩት 521 ሰዎች አንድም አልተጎዳም።

ምክንያቱን ለማወቅ የወደቀው እምብርት መገኘት ነበረበት፤ ያ ደግሞ ቀላል አልሆነም። የግሪንላንድ በረዶ በየዓመቱ ይደራረባል፣ በየቦታውም ሰው የሚውጥ ስንጥቅ አለው። ራዳር የጫነ አውሮፕላን ከላይ ተመላለሰ። በኋላም የዴንማርክና የግሪንላንድ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባለሙያዎች ከኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ የተቀበረ ብረትን በኤሌክትሮማግኔት የሚያስስ መሣሪያ በበረዶው ላይ እያስጎተቱ ሜዳውን አሰሱ። አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2019 በጋ፣ አራት ሜትር ያህል በረዶ ሥር ቁራሹ ተገኘ።

የፈረንሳይ የአቪዬሽን አደጋ መርማሪዎች በ2020 ባወጡት ሪፖርት እንደገለጹት ስንጥቁ የጀመረው ከብረቱ ገጽ ሳይሆን ከውስጡ ነው። የቅይጡ ልክ ትክክል ነበር። ባዕድ ነገር አልገባበትም፣ ባዶ ቀዳዳም አልነበረውም። የተገኘው አንድ ነገር ነው፤ ስንጥቁ በተነሣበት ቦታ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ተመካክረው የተሰለፉ ይመስል ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ነበር። ያ አቅጣጫ የተወሰነው ሞተሩ ገና ሳይገጣጠም፣ ብረቱ በእሳት ቀልቶ ሲበርድ ነው። እንዴት እንደተወሰነ ለመረዳት ወደ ጉሊት ወርደን ከብርቱካን ክምር ብንጀምር ይሻላል።

ብርቱካን ሻጭ ፍሬዎቿን ስትከምር እያንዳንዱን ብርቱካን ከሥሩ ባሉት ሦስት ፍሬዎች መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ታስቀምጣለች። እንዲህ ያለው ክምር ባዶ ቦታ አያባክንም። ታይታኒየም በተራ ሙቀት ላይ አተሞቹን የሚደረድረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ አንዱ ንጣፍ በሌላው ጎድጓዳ ላይ ያርፋል፣ ሦስተኛው ንጣፍ ደግሞ ልክ ከአንደኛው ትይዩ ይሆናል። ይህ አደራደር አልፋ ይባላል። 882 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ግን ንጹሕ ታይታኒየም ይህን ክምር አፍርሶ ሌላ ይሠራል። አሁን አተሞቹ በዳስ መልክ ይቆማሉ፤ ስምንቱ በስምንት ማዕዘን፣ አንዱ በመሃል። ይህኛው ቤታ ነው። ብረቱ የሚቀልጠው ደግሞ 1,668 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ከ882 እስከ 1,668 ድረስ በእጃችን ያለው ያልቀለጠ፣ ጠጣር፣ ግን ውስጡ ፈርሶ እንደ አዲስ የተሠራ ብረት ነው። ሲበርድ ደግሞ ወደ አልፋ ይመለሳል።

ሁለቱ አደራደሮች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቤታ ላላ ያለ ስለሆነ የአተሞቹ ረድፎች በብዙ አቅጣጫ ይንሸራተታሉ፤ ለመዶሻ ይመቻል። አልፋ ግን ቁመትና ጎን አለው። ንጣፎቹ ወደተደራረቡበት በኩል ሲጎተት ግትር ነው፤ በጎኑ በኩል ሲጎተት ይለግማል እንጂ ያን ያህል አይጠነክርም። የግትርነቱ ልዩነት አንድ ተኩል እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ይህን ቁመትና ጎን በልባችን እንያዘው፤ የግሪንላንዱ ታሪክ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ንጹሕ ታይታኒየም ለሞተር ብዙም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተቀመመውና እስከ ዛሬ ከታይታኒየም ቅይጦች ሁሉ በብዛት የሚሠራበት፣ ከክብደቱ 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም የተጨመረበት ነው። ባለሙያዎች ባጭሩ "ስድስት አራት" ይሉታል። የግሪንላንዱ እምብርትም ከዚሁ የተሠራ ነው። አሉሚኒየም አልፋን ይደግፋል፣ ቫናዲየም ቤታን። ሁለቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚስቡት ለውጡ በአንድ ዲግሪ ላይ ተጀምሮ አያልቅም፤ ሰፊ ክልል ውስጥ አልፋና ቤታ አብረው ይኖራሉ። ከ995 ዲግሪ ገደማ በላይ ግን ሁሉም ቤታ ይሆናል። የሙያው ሰዎች ይህን የቤታ ወሰን ይሉታል፤ የመቀጥቀጫው እሳት ሲነድ ዓይናቸው የሚያርፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

አሉሚኒየም ብቻ አይደለም ወደ አልፋ የሚስበው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያሉት ኦክስጅንና ናይትሮጅን ከእሱ ይብሳሉ። ለዚህ ነው ታይታኒየም አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ የሚቀለጠው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ 10 አዮዋ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ተከስክሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ኢንጎቱ (ቀልጦ የረጋው የብረት ግንድ) ሲቀለጥ፣ ናይትሮጅን የበዛበት አንዲት ትንሽ እንክብል በማራገቢያው ዲስክ ውስጥ ስለቀረች ነው። ናይትሮጅኑ አልፋን እንዲህ አጥብቆ ስለያዘው እንክብሏ ከአካባቢዋ ጋር አልተለወጠችም፣ አልለሰለሰችም፤ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆና ቆየች። ያ ኢንጎት ከተቀለጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ለሞተር ዲስክ የሚሆን ብረት ሁለቴ ሳይሆን ሦስቴ መቀለጥ የተለመደ ሆነ፣ ማጥሪያውም ተሻሻለ። ያኛው አደጋ የርኩሰት ችግር ነው፤ ያጠራነው ዕለት ይቀንሳል። የግሪንላንዱ ግን ንጹሕ ብረት ላይ የደረሰ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስባል።

አሁን ብረቱ ከቤታ ወሰን በላይ ግሎ ቀልቷል እንበል። የሚቀጥለው ጥያቄ በምን ፍጥነት ይበርዳል ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ውስጥ ከቅይጡ ልክ እኩል መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። አንድ ዓይነት ቅይጥ፣ ከአንድ ኢንጎት የተቆረጠ፣ አንዱ በምድጃ ውስጥ ተትቶ፣ አንዱ አየር ላይ ወጥቶ፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቢበርድ ሦስቱ አንድ ብረት ሊባሉ ይቸግራል።

ቀስ ብሎ ሲበርድ አተሞቹ ጊዜ አላቸው። ቅዳሜ ገበያ እንደገባ ሰው እየተጋፉ ወደየተራቸው ይሄዳሉ፤ እህል ወደ እህል ተራ፣ ቅቤ ወደ ቅቤ ተራ። አሉሚኒየም ወደሚመሠረተው አልፋ ይሰበሰባል፣ ቫናዲየም እየተገፋ በቀረው ቤታ ውስጥ ይከማቻል። አልፋው መጀመሪያ ብቅ የሚለው በቤታ ክሪስታሎች ድንበር ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በስስ ገበታ መልክ ያድጋል። ከገበታው ጎን ሌላ ገበታ፣ ከእሱ ጎን ሌላ፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ። በየመካከላቸው ቫናዲየም የጠገበ ስስ የቤታ ቅጠል ይቀራል። አየር ላይ ፈጠን ብሎ ሲበርድ ገበታዎቹ ይቀጥናሉ፣ ከብዙ አቅጣጫ ተነሥተው ይተላለፋሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሰፌድ ስፌት ይመስላል።

በጣም ፈጥኖ፣ በሴኮንድ ከ410 ዲግሪ በላይ እየወረደ ሲበርድ ግን ገበያ መዋል አይቻልም። የዚህን ጊዜ ማኅሌት የቆሙ ካህናትን ማሰብ ይቀላል። ከበሮው ሲመታ ሰልፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያዘነብላል፤ ማንም ከጎኑ ካለው ባልንጀራ አይለይም፣ የሰልፉ መልክ ግን ተለውጧል። አተሞቹም እንዲሁ ጎረቤት ሳይለዋወጡ በአንድነት ዘንበል ብለው አልፋ ይሆናሉ። ቫናዲየሙ ወደ ተራው ሳይደርስ ባለበት ይታሰራል። ይህ ማርቴንሳይት ይባላል፤ ስሙ መጀመሪያ ለአረብ ብረት የወጣ ነው። ቀጥቃጮቻችን ማረሻና ቢላ አግለው ውሃ ውስጥ ሲነክሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። የአንጥረኛን እጅ ስንንቅ በኖርንባቸው ዘመናት፣ ጠጣር ብረት ከውስጡ እንደሚለወጥ በአገራችን በሥራ ያወቀው እሱ ነበር፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የታይታኒየም ማርቴንሳይት ግን ከአረብ ብረቱ ይለያል። አረብ ብረት ውስጥ ካርቦን ተሰንቅሮ ስለሚቀር ውሃ የነካው ብረት እጅግ ይጠነክራል፣ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭም ይሰበራል። በስድስት አራት ውስጥ የታሰረው ቫናዲየም የአተሞቹን ቦታ ተክቶ የገባ ስለሆነ ያን ያህል አያጣብቅም፤ ጥንካሬው ይጨምራል እንጂ እጥፍ አይሆንም። ዋናው ጥቅሙ በኋላ ነው። ብረቱን እንደገና ወደ 500 ወይም 600 ዲግሪ አሙቆ ለሰዓታት ማቆየት የታሰረው ቫናዲየም በደቃቅ የቤታ ነጠብጣብ መልክ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ጥንካሬው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በሌዘር ዱቄት እያቀለጡ ንጣፍ በንጣፍ የሚያትሙት የዳሌ መገጣጠሚያና የአውሮፕላን ዕቃም ከማተሚያው ሲወጣ አብዛኛው ማርቴንሳይት ነው፤ ያለ ሙቀት ሕክምና አይታመንም። ቤታን የሚደግፍ ንጥረ ነገር በበዛባቸው ሌሎች ቅይጦች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የታወቀው ኦሜጋ የሚባል ሦስተኛ አደራደር ብቅ ይልና ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። እሱ የራሱ ሰፊ ታሪክ አለው።

ቀስ ብሎም ይሁን ፈጥኖ፣ ቤታ ወደ አልፋ ሲለወጥ አዲሱ ክሪስታል ፊቱን ወደፈለገበት አያዞርም። ይህን የገለጠው የኔዘርላንዱ ቪለም ጌራርድ ቡርገርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934፣ የታይታኒየም የቅርብ ዘመድ በሆነው በዚርኮኒየም ላይ። (ወንድሙ ያን ቡርገርስም በክሪስታል ጉድለት ጥናት ስሙ የተጠራ ስለሆነ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ብዙ ነው።) ቡርገርስ ያስተዋለው በአሮጌው ቤታ ውስጥ አተሞች ተጠጋግተው የተሞሉበት ገጽታ ሳይፈርስ የአዲሱ አልፋ ወለል እንደሚሆን ነው። በዚያ ገጽታ ላይ ያለው እጅግ የተጠጋጋው ረድፍም የአልፋው ረድፍ ሆኖ ይቀጥላል። ቤት ሲፈርስ መሠረቱንና አንዱን ግድግዳ ትቶ በዚያው ላይ እንደመሥራት ነው። በአንድ የቤታ ክሪስታል ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጽታዎች ስድስት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ረድፍ አለ። ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት። ስለዚህ አንድ የቤታ ክሪስታል ሲበርድ የሚወልዳቸው አልፋዎች ብዛታቸው እልፍ ቢሆንም አቅጣጫቸው ከአሥራ ሁለት አያልፍም።

አሥራ ሁለቱም እኩል ዕድል ቢያገኙ ደግ ነበር፤ ብረቱ በየአቅጣጫው እኩል ይሆን ነበር። ግን እኩል አያገኙም። በድንበር ላይ የሚወለደው አልፋ ከድንበሩ ማዶ ላለው ክሪስታልም የሚስማማውን አቅጣጫ ይመርጣል። አንዱ ገበታ ከበቀለ በኋላ ጎረቤቱ ያንኑ ይከተላል። ዝግ ባለ ቅዝቃዜ፣ በተለይ በትልቅ ግንድ መሃል፣ አንድ አቅጣጫ የመረጠ የገበታ ማኅበር ሰፊ ቦታ ይወርሳል። እንደገና ሲሞቅስ? በገበታዎቹ መካከል የቀረው ስስ የቤታ ቅጠል ያድግና የድሮው ቤታ በድሮው አቅጣጫው ይመለሳል። ለእኔ የዚህ ሳይንስ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ አሞቁት አበረዱት የጥንቱን አይረሳም።

እንግዲህ ቀጥቃጩ ምን ያደርጋል? የሞተር እምብርት የሚሠራው ከትልቅ ኢንጎት ነው። መጀመሪያ ከቤታ ወሰን በላይ ይቀጠቀጣል፣ ይበርዳል፣ የእንጀራ ድርብርቡ ይፈጠራል። ከዚያ ከወሰኑ ዝቅ ብሎ፣ አልፋና ቤታ አብረው ባሉበት ሙቀት፣ በተደጋጋሚ ይቀጠቀጣል። ገበታዎቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይቆራረጣሉ፣ በሙቀቱም እየተድበለበሉ እንደ ምስር ይሆናሉ። ናሙናው ተለስልሶ፣ በአሲድ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያማረ ነው፤ ደቃቅ፣ ድብልብል፣ እኩል እኩል የሆነ። ለረጅም ዘመን ፈተናውን ያለፈ የሚባለው እንዲህ ያለው ነበር።

ምስሩ ግን ከአንድ እንጀራ የተቆረሰ ነው። አንድ ገበታ መቶ ቦታ ቢቆራረጥ መቶዎቹ ቁራሾች በዱላው ብዙ ካልተገላበጡ የወላጃቸውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ተራው ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው ቅርጽን ብቻ ስለሆነ ይህን አያይም። ኤሌክትሮን ተወርውሮ ከክሪስታሉ ሲመለስ የሚሠራውን ንድፍ የሚያነብ መሣሪያ ሲመጣ ነው ሌላው ምስል የታየው። መሣሪያው እያንዳንዱን አቅጣጫ በቀለም ያሳያል፤ ዥጉርጉር መሆን የነበረበት ናሙና ሚሊሜትሮች የሚረዝም አንድ ቀለም የተቀባ ሰፈር ይዞ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ማክሮዞን ይሉታል። እኔ ሰፈር ማለቱን እመርጣለሁ፤ ነዋሪዎቹ የአንድ አያት ልጆች ናቸውና። ግንዱ በገዘፈ ቁጥር መዶሻው ወደ መሃሉ በቅጡ አይደርስም፣ ሰፈሩም ሳይበተን ይቀራል። የኤ380 እምብርት ደግሞ ትልቅ ዕቃ ነው።

የሰፈሩ አደጋ ምንድን ነው? አውሮፕላን ሲነሣ ሞተሩ በከፍተኛ ኃይል ለደቂቃዎች ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ የያዘው እምብርት ከውስጥ ወደ ውጭ ይጎተታል። ጎናቸውን ለጉተታው የሰጡ አልፋዎች፣ ምንም እንኳ ብረቱ ብዙ ባይሞቅ፣ በደቂቃዎቹ ውስጥ ቀስ ብለው ይለግማሉ። የጣሉት ሸክም ቁመታቸውን ለጉተታው በሰጡት፣ መለገም በማያውቁት ግትሮች ላይ ይወድቃል። ግትሩ አንድ ትንሽ ክሪስታል ቢሆን ስንጥቁ ከጎረቤቱ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል። ግትሩ ሰፈር ሙሉ ከሆነ ግን ስንጥቁን የሚያስቆም ድንበር የለም፤ ከቤት ቤት በአንድ ጠፍጣፋ መንገድ ያልፋል። ሸክሙ ወዲያው ተነሥቶ ወዲያው ቢወርድ ለመለገም ጊዜ አይኖርም ነበር። ጉዳቱን የሚያመጣው መቆየቱ ነው። ለዚህ ነው በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ እየጎተተ የሚለቅ የላቦራቶሪ ፈተና ከዕውነተኛው እጅግ የረዘመ ዕድሜ የሚነግረው።

ነገሩ ጭራሽ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሎክሂድ ትራይስታር አውሮፕላን ሮልስ ሮይስ ሞተሮች ላይ ሌላ ዓይነት የታይታኒየም ቅይጥ ዲስኮች ተሰባብረው ይህ ጠባይ ያኔ ታውቆ ነበር። ስድስት አራት ግን በሥራ ላይ ሳለ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የግሪንላንዱ እምብርት የተሰነጠቀው ከ3,500 ጥቂት በሚበልጥ በረራ ነው። ሊያገለግል ይገባው ከነበረው ብዙ ያነሰ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት የታመነበት ብረት ላይ ይህ መድረሱ ነው እኔን ብዙ ያስጨነቀኝ። ከቦሌ የሚነሣው ቦይንግ 787ም ከክብደቱ 15 በመቶ የሚሆነው ታይታኒየም ነው፤ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ከበሽታው ይወጣል። ሰፈሩ የሚፈጠረው በለውጡ ጊዜ ከሆነ የሚበተነውም በዚያው ነው። ብረቱ ከቤታ ወሰን በላይ ከርሞ ሲወጣ በውሃ ፈጥኖ ቢበርድ ገበታዎቹ ይቀጥናሉ፣ ማኅበራቸው ይጠባል፤ በቀጣዩ ቅጥቀጣም ቶሎ ይቆራረጣሉ። ዱላው አንድ ወገን ብቻ ሳይሆን እየተገላበጠ ቢያርፍ ቁራሾቹ ከአያታቸው አቅጣጫ ይፈናቀላሉ። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ቅዝቃዜውና መዶሻው የሚደርስበት ድረስ ነው፤ የትልቅ ግንድ መሃል ውሃ ውስጥ ቢነከርም ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። ውሃ ሙቀቱን ከገጹ እንጂ ከመሃሉ አይወስድም፤ ታይታኒየም ደግሞ ሙቀትን በቅጡ የማያስተላልፍ ብረት ነው።

ስለዚህ ምርመራው ይቀራል። የሞተር ዲስክ ሁሉ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል፤ ድምፁ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል። ሰፈሩ ግን ቀዳዳ አይደለም፤ ንጹሕ ብረት ነው፣ ፊቱን ያዞረ ብቻ። ሆኖም ድምፅ በአልፋ ቁመትና በአልፋ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት አንድ አይደለም። ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲሻገር በጥቂቱ ይበተናል፣ በመሣሪያው መስታወት ላይም ደብዛዛ ሽውታ ይታያል። ፈታሾች ያን ሽውታ ስንጥቁን የሚሸፍን ሁከት ነው ብለው ለማጥፋት ሲደክሙ ኖረዋል። አሁን ተመራማሪዎቹ ያንኑ ሁከት ጆሮ ሰጥተው እያዳመጡት ነው፤ ሰፈሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ወደየት እንደዞረ፣ ብረቱ ሳይቆረጥ ከድምፁ ለማንበብ።